ዓይን ያልተሠራላቸው ሰዎች

ወይዘሮ ዙሃራ አብዱልወሃብ ከሰው እጅ የምትቀበለውን ዕቃ ጀርባውን ገልብጣ ሳታይ ተቀብላ አታውቅም። ይህ ጠባይ የተተከለባት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከባሏ ከሙደሲር ጋር የልብስ ቁልፍና ዚፕ፣ ዳንቴልና ክር ትሸጥ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ሰፈር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነበር። ደንበኛ ፈገግ ካለ ለምን ፈገግ አለ? በዋጋ ካልተከራከረስ ለምን ሳይከራከር ቀረ? ሙደሲር ሞቶ፣ ሱቁም ፈርሶ፣ ዙሃራ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጇ ጋር ስትቀር ከንግዱ የተረፋት ጥርጣሬው ብቻ ነበር። እሱንም መስኮት ላይ ተቀምጣ የሕንፃውን ገቢና ወጪ በመቆጣጠር ሥራ ላይ ታውለው ጀመር።

ልጇ ጀነት ሜክሲኮ ባንክ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ባለ ቀለም ሊጥ በትንንሽ ጥቅል ይዛ መጣችና እናቷ ፊት ዘረገፈችው።

«እማ፣ ለጣትሽ ሥራ ስጪው። ካልሆነ የሕንፃው ዘበኛ እንጀራዬን ነጠቀችኝ ብሎ መክሰሱ አይቀርም።»

ሊጡን ሰዎች ባጭሩ ክሌይ ይሉታል። ስሙ ጭቃ ቢሆንም ጭቃ አይደለም፤ ፀሐይ አያደርቀውም፤ ለሰም የሚቀርብ፣ ቀለሙ ከውስጡ ያልተለየ የፕላስቲክ ሊጥ ነው። በጣት ሲያሹት ይለሰልሳል፤ በኦቨን መጠነኛ ሙቀት ሲቆይ ይጠነክራል፤ አንዴ ከጠነከረ ወዲያ ወደ ሊጥነቱ አይመለስም። ዙሃራ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ካየች፣ ካሸተተች በኋላ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ የሠራችው ለቁልፍ መያዣ የሚሆኑ ሎሚዎችን፣ ጫማዎችንና ነጭና ሰማያዊ ሚኒባሶችን ነበር። ለዓመታት ቁልፍ ስትመርጥ የኖረች ጣት ስለ ነበረቻት ሥራዋ ብዙ ሳይቆይ ጠራ። ሜክሲኮ የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ገብረየሱስ የሚባል ነጋዴም ያመጣችለትን ሁሉ፣ ሲሸጥ ሊከፍላት፣ ይቀበላት ጀመር።

ነገሩ የተወሳሰበው ገብረየሱስ ሰው እንድትሠራለት የጠየቃት ጊዜ ነው። የሰፈሩን ሰዎች ፈለገ፤ የአብነት ሰፈሩን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ሊስትሮውን፣ ፍራሽ አዳሹን፣ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ።

አባቷ ሼህ አብዱልወሃብ በወሎ ለልጆች ቁርአን ያስቀሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ዙሃራ ሕፃን ሳለች ከወንዝ ዳር ጭቃ አሻንጉሊት ሠርታ፣ በከሰል ዓይን ልታደርግላት ስትል ደረሱባት። አልተቆጧትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው፣ «ልጄ፣ ዓይን ካደረግሽላት ነፍስም ትጠይቅሻለች። ነፍስ ከየት አምጥተሽ ትሰጫታለሽ?» አሏት። ዙሃራ ለዚህ ጥያቄ ያኔም መልስ አልነበራትም፤ ካደገች በኋላም አላገኘችለትም። በመጨረሻው ቀን የሚጠብቃት ጥያቄ ይኸው እንደ ሆነ ግን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። በሕይወቷ ያልጠረጠረችው ምናልባት ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለገብረየሱስ፣ «ሰው እሠራለሁ፤ ፊት ግን አልሠራም» አለችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም። ምክንያቷን የምታውቅ ጀነት ብቻ ነበረች፤ ለሌላ ሰው ብትናገር የሚከራከራት እንዳይመጣ ትፈራለች። መላውንም ራሷ ፈለገች። የሚሠራ ሰው አንገቱን ይደፋል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ወደ መዶሻው፣ ሊስትሮው ወደ ጫማው፣ ጎሚስታው ወደ ጎማው አቀረቀሩ፤ ፊታቸው ልሙጥ ሆኖ ከባርኔጣና ከሻሽ ጥላ ሥር ገባ። ባየችው ነገር ሁሉ ደስ አላት። እጇ ንጹሕ እንደ ሆነ አውቃ ሰገደች።

ዙሃራ ኦቨን የላትም። ኦቨን ያላት ምድር ቤት የምትኖረው ዕፀገነት ናት። ሁለቱ ሴቶች ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውን እየተቀባበሉ አሳድገዋል። ዕፀገነት ቤት ለዙሃራ ሲባል የተለየ ድስት አለ፤ በእስላም ቢላዋ ያልታረደ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ዙሃራም ቤት እንደዚያው ለዕፀገነት የተለየ ድስት አለ። ዕፀገነት ዳቦና ኬክ እየጋገረች ስለምትሸጥ፣ ክሌይ የገባበት ኦቨን ምግብ ሊገባበት እንደማይገባ ስትሰማ አሮጌውን ኦቨኗን ያለ ክርክር ለዙሃራ ሥራ ለየችው።

ከክረምት ወዲህ ግን የዙሃራ ጉልበት ትሪ ይዞ ደረጃ መውረዱን እንቢ አላት። ጥሬዎቹን ምስሎች በትሪ ምድር ቤት የምታወርደው ጀነት ሆነች፤ ዕፀገነት ትጋግራለች፣ በጥጥ ጠቅልላም ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች፤ ጀነት ወደ ሥራ ስትሄድ ካርቶኑን ለገብረየሱስ ታደርሳለች። ዙሃራ ሰዎቿን ጥሬ ሆነው ትሸኛቸዋለች እንጂ ከበሰሉ በኋላ አታያቸውም ነበር።

አንድ ረቡዕ መነጽሯን ልትቀይር ሜክሲኮ ወደሚገኝ መነጽር ቤት ሄደች። መነጽር የሚለካው ቤካ የሚባል ወጣት ጠረጴዛው ላይ አንድ ትንሽ ምስል አስቀምጧል። የጎማውን ጥቁረት፣ የቱታውን ሰማያዊ፣ እጅጌው ላይ ራሷ የጫረችውን የዘይት እድፍ አወቀችው።

ጎሚስታው ግን ቀና ብሎ አያት። ሁለት ጥቁር ዓይን ነበረው።

«ይህን ከየት አመጣኸው፣ ልጄ?»

«ከዚህ በታች ካለው የስጦታ ሱቅ ነው፣ እማማ። አስተያየቱ አይገርምም? መነጽር የማያስፈልገው ደንበኛዬ እሱ ብቻ ነው።»

ዙሃራ መነጽሯን ሳትለካ ወጣች። ገብረየሱስ ሱቅ ስትደርስ መደርደሪያው ላይ የእሷ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀበሏት።

«ገብረየሱስ፣ ማነው ዓይን ያደረገላቸው?»

«ማን ሊያደርግላቸው ነው? እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ ዙሃራ! እንዲያውም ሐሳብዎን የቀየሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እኔ አላደረግሁም።»

«እንግዲያው ማቀርቀር ሲሰለቻቸው ራሳቸው አውጥተው ይሆናላ!»

«አትቀልድ። ገዢው ዓይን ፈለገ፤ እኔ እንቢ እንደምል ታውቃለህ፤ በጎን ሠዓሊ ቀጠርህ።»

«በእግዚአብሔር እምላለሁ! እኔ ለሱቄ በር ቀለም ቀቢ አጥቼ…»

«አትማል። እኔም የምምል ነጋዴ ነበርሁ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገዢዎች ዞረው አዩዋቸው። ዙሃራ ከመደርደሪያው ላይ የቀሩትን ምስሎች አንድ በአንድ እያነሣች ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችና በሩ ላይ ቆማ ዞር አለች። «ከሌባ ትብሳለህ» አለችው። «ሌባ ያስቀመጡትን ይወስዳል እንጂ ያላስቀመጡትን አይጨምርም።» የገብረየሱስ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ዙሃራ ያን ቅላት እንደ ማስረጃ ይዛው ሄደች።

ማስረጃው ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻ ቆየ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሊስትሮውን ዓይን በጥፍሯ ልትፍቀው ሞከረች፤ አልለቀቀም። በመርፌ ጫፍ ነካችው፤ ቀለም አልነበረም። ከጥቁር ክሌይ የተድቦለቦለች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ እንክብል ነበረች፤ ዙሪያዋ ከፊቱ ቆዳ ጋር ተዋሕዷል። የበሰለ ክሌይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጣበቅም። ይህ ዓይን የገባው ፊቱ ገና ጥሬ ሳለ ነው። አገጩ ሥርም ቀና ሲደረግ የቀረ የጣት ምልክት ነበረ።

ስለዚህ ገብረየሱስ አይደለም። በሰው ፊት ያዋረደችው ሰው ንጹሕ ነው። ይህ ግን እንደ መርዶ የመጣባት አሳብ የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ ከበስተኋላው የባሰ ቆሟል። ከእሷ ጠረጴዛ እስከ ኦቨኑ ድረስ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ከማኅፀኗ የወጣች፣ ሁለተኛዋ ዕድሜዋን የተጋራቻት።

ምሽት ላይ በልጇ ጀመረች።

«ትሪውን ስታወርጂ ደረጃ ላይ ትቆሚያለሽ?»

«እቆማለሁ።»

«ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እተነፍሳለሁ።»

«ጀነት!»

«ምንድን ነው እሱ፣ እማ? ጠበቃ ልጥራ እንዴ?»

ዙሃራ ሊስትሮውን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ጀነት አየችው፤ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ይህ ለእናቷ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። «እኔ አይደለሁም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ቆየችና፣ «እኔ ብሆን ኖሮ ቅንድብም እጨምርለት ነበር» አለች።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ። ለምን እትዬ ዕፀን አትጠይቂያትም?»

«ምክር አልጠየቅሁሽም።»

እውነቱን ለመናገር መጠየቁን ፈርታ ነው። ዕፀገነት ከሆነች አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ? አውቃ ከሆነ፣ የሰው ሃይማኖት ላይ በስውር እጇን የምታስገባ ሴት ሌላስ ምን አስገብታለች? ዙሃራ ያን አሳብ ልታባርረው ሞከረች፤ አልወጣላትም። ያ ድስት ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር? አንድም ቀን፣ በችኮላም ቢሆን፣ የሌላው ማማሰያ ገብቶበት አያውቅም? እጅ አንዴ ከተጠረጠረ ድስቱም ይጠረጠራል። እሑድ ዕፀገነት ምሳ እንድትበላ ስትጠራት፣ ሳትበላ «በልቻለሁ» ብላ ቀረች። ከብዙ ዘመን ወዲህ ለዕፀገነት የዋሸችው የመጀመሪያው ውሸት ነበር።

ሌላ ትሪ ሙሉ ሰዎች ሠራች፤ ሁሉም እንደ ወትሮው አቀርቅረዋል። ጀነት ሥራ ላይ ባለችበት ከሰዓት በኋላ፣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት በአንድ እጇ ጨብጣ ትሪውን ራሷ ይዛ ወረደች።

ዕፀገነት በሯን ስትከፍት እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ውይ! ንግሥቲቱ ራሷ ወረደች! ጉልበትሽ ታረቀሽ?»

«ትንሽ ተሻለኝ።»

«ግቢ እንጂ!»

«አልገባም፤ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ሁለተኛውን ውሸት ዋሸች። ትሪውን አስረክባ እስከ መጀመሪያው የደረጃ መታጠፊያ ወጣች፤ እዚያም ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። አብረው የኖሩበትን ዓመት ሁሉ አስባ፣ ዕፀገነት ጥፋተኛ ሆና እንዳትገኝ እየለመነች፣ ጥፋተኛ ሆና ካልተገኘች ግን ልጇ ዋሽታለች ማለት እንደ ሆነ እያወቀች ጠበቀች። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ ለራሷም መመለስ አልቻለችም። ከዚያም ተነሥታ ወረደች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር።

ዕፀገነት ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል። በግራ መዳፏ ፍራሽ አዳሹን እንደ ታመመ ጫጩት ይዛ፣ በአውራ ጣቷ አገጩን ቀስ ብላ ቀና አደረገች፤ በመርፌዋ ጫፍ የያዘቻትን ጥቁር እንክብልም ፊቱ ላይ አኖረች።

«ዕፀገነት።»

ዕፀገነት ክው አለች፤ መርፌውን ግን አልደበቀችም። ዙሃራ ይህን ልብ አለች፤ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ እጁን ይሰበስባል።

«አየሽኝ በቃ። እንድታዪኝ አልፈለግሁም ነበር።»

«ለምን?»

«ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ!»

«እኔ ነኝ የማፍረው?»

ዕፀገነት መነጽሯን አወለቀች። «ዓይንሽ ነዋ፣ ዙሃራዬ! ክር አስገቢልኝ እያልሽ መርፌ ስትልኪልኝ ስንት ጊዜሽ ነው? መነጽርሽንም ልትቀይሪ ሄድሽ አሉ። እነዚህ ደግሞ ፊታቸው ልሙጥ ሆኖ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። አሃ፣ ዓይኗ ፊት መሥራት ተስኖት ነው፣ ያንን ልትሸፍን ነው የምታስጎነብሳቸው አልሁ። ሰው እንዳይስቅብሽ ሞላሁላቸው። ዓይንሽ ደከመ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? አንቺን?»

ምክንያቱ ከመጠን በላይ ያማረ መሰላት፤ ያማረ ምክንያት ደግሞ ዙሃራ አታምንም።

«ይህን አሁን ነው ያሰብሽው?»

«የቱን?»

«ምክንያቱን።»

ዕፀገነት መርፌውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ሙደሲር የሞተ ቀን ልጅሽን ማን ያዘልሽ? ያን ቀን ምክንያቴን ጠየቅሽኝ?»

ዙሃራ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም ምስሎቹን ከሱቁ በቦርሳዋ እንዴት እንደ መለሰቻቸው፣ ከጀነት በቀር ለማንም ያልነገረችውንም የአባቷን ጥያቄ ነገረቻት። ዕፀገነት እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ደረቷን መታች።

«በሞትሁት! በምን ልወቅ? ግድግዳሽ ላይ የጀነት የምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥንሽ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ያሳያል!»

«እሱን እጄ አልሠራውም።»

«ምን እንደምትበዪና ምን እንደማትበዪ አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል፤ ነግረሽኝም ጠብቄያለሁ። ይህንን ግን አልነገርሽኝም።»

እውነት ነበር፤ አልነገረቻትም።

«የእኔ አባት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር» አለች ዕፀገነት። «ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ክፉውን ግን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይን። ዓይን የሌለው ሰው ግን ከእጁ አልወጣም። ለሰይጣን እንኳ አንዷን አይነፍገውም። ታዲያ ያንቺ ሊስትሮ ከሰይጣን ይነስ?»

ዙሃራ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። ፍራሽ አዳሹ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያያታል። ዕፀገነት ዓይኑን በመርፌ ነቅላ ብታወጣው በቦታው ጉድጓድ ቀረ፤ ጉድጓዱ ከዓይን ይልቅ አስፈራ። «ስጪኝ» አለቻት ዙሃራ። ፊቱን በአውራ ጣቷ ዳብሳ ዳብሳ አለሰለሰችው፤ አንገቱንም ወደ ፍራሹ መለሰችው። ትሪው ላይ የቀሩት ገና አልተነኩም ነበር። ሁለቱም አብረው ኦቨኑ ውስጥ አስገቧቸው።

«የበሰሉትስ?» አለች ዕፀገነት። «እነዚያ ቦርሳሽ ውስጥ ያሉት?»

«እንጃ። ልሰብራቸውም፣ ላስቀምጣቸውም አልችል።»

«ለእኔ ስጪኝ። ዓይኑ የእኔ ነው። በዚያ ቀን ነፍስ አምጪ የምትባል ካለች እኔ ልባል።»

«እንዲህ ያለው ነገር በውክልና የሚሆን አይመስለኝም።»

«አንቺ ደግሞ እዚያም ደርሰሽ ልትጠራጠሪ ነው?»

በማግስቱ ዙሃራ ሜክሲኮ ወርዳ ገዢዎች በሞሉበት ሰዓት ገብረየሱስ ሱቅ ገባች። ሰው በሌለበት ይቅርታ መጠየቅ ይቀል ነበር፤ ስድቡን የሰደበችው ግን በሰው ፊት ነው። «ያልሁህን ሁሉ በከንቱ ነው ያልሁህ» አለችው። ገብረየሱስ ለጥቂት ጊዜ የመደርደሪያውን አቧራ ሲጠርግ ቆየ። «እትዬ ዙሃራ፣ ከሌባ ትብሳለህ ያሉኝን ሚስቴ ቤት ውስጥ መጠሪያዬ አድርጋዋለች» አላት። «ይቅርታዎን ለእሷም ይንገሩልኝ።» ቁጣው ጨርሶ እንዳልወጣለት ዙሃራ አውቃለች፤ መብቱ ነው ብላም ተቀበለችው። ቤካ ጋ ያለውን ጎሚስታ ግን ልትመልሰው አልሞከረችም፤ የተሸጠ ዕቃ የገዢው ነው። ስለ እሱ ብቻ በየሶላቷ ማብቂያ የምትለምነው ነገር አለ፤ ምን እንደ ሆነ ለጀነትም አልነገረቻትም።

አሁን ክሌይ በሚጋገርበት ቀን ሁሉ ዙሃራ ጉልበቷን ልታፍታታ ነው እያለች ትወርዳለች። ምስሎቹ ከትሪው ወደ ኦቨኑ እስኪገቡ ዓይኗን አትነቅልም። ዕፀገነት በጉልበት ወሬ የምትታለል ሴት አይደለችም፤ «ዘበኛዬ፣ ግቢ፣ ፈትሺ» እያለች በሩን ትከፍትላታለች። ዙሃራም ያለ ኀፍረት ትፈትሻለች፤ ከዚያ ምሳ ይቀርባል፣ ትበላለች።

ያስቸገራት መቀመጫው ነው። ዕፀገነት ባለ ዓይኖቹን ምስሎች ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ቡፌ ላይ ደርድራቸዋለች፤ ዓይናቸውን ላለማየት ጀርባ መስጠት ያሻል፤ ለእነሱ ጀርባዋን የሰጠች ደግሞ በሩ ፊቷ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ እዚያ ተቀምጣ ከቡፌው ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር በሩም አብሮ ከኋላዋ ይቀራል። በሱቅ ዘመኗም ሆነ በቤቷ፣ በለቅሶም ሆነ በሠርግ፣ ዙሃራ ለበር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እንደዚያ ተቀምጣ ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ማነው?» አለች።

«ጀነት ናት» አለች ዕፀገነት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ካላመንሽኝ ዞረሽ እዪያ!»

ዙሃራ አልዞረችም።